በዕቅድ ያልተያዘው ትል

ለተከበሩ አቶ አወቀ
የለውዝ ዛፍ ልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዳንግላ

ክቡር ኃላፊያችን ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ወይዘሮ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ያ የሚሽከረከረው ወንበርዎ ሁላችሁም ደኅና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። አላህ ዕድሜዎን እንዲያረዝመው ዘወትር እለምናለሁ፤ «ነገ ተመለሺ» ያሉኝ ነገ እስኪመጣ ድረስ ለሁለታችንም ረጅም ዕድሜ ያስፈልገናልና።

እኔ ራሂማ ዑስማን ነኝ፤ ዳንግላ ገበያው ዳር ጆንያ፣ ገመድና ክር የምሸጠው። በአደባባይ የምጽፍልዎ በድፍረት አይደለም፤ በዝግ የነገርኩዎ ሁሉ ዝግ ሆኖ ስለቀረ ነው።

ጉዳዬ የእትዬ እታለማሁ ጉዳይ ነው። እርስዎ «ሞዴል አርሶ አደር» ብለው የሸለሟቸው ሴትዮ፣ በኋላም «የልማት አደናቃፊ» ብለው የከሰሷቸው ሴትዮ ናቸው። ሥራ ስለሚበዛብዎት፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ማንም ካልነገረዎት ብዬ በትሕትና አስታውሳለሁ።

እትዬ እታለማሁ የሟች እናቴ ባልንጀራ ናቸው። እናቴ ጨው ይዛ፣ እሳቸው ከሰል ይዘው በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ኖረዋል። እኔ የአገዎቹን ቋንቋ፣ አውኚን፣ የተማርኩት በእሳቸው ጓሮ ነው፤ ዛሬም እሳቸው አማርኛ የሚናገሩት ሲቆጡ ብቻ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ያለው መሬታቸው በሙሉ ዲከረንስ ነበር። ስለ ዲከረንስ ለእርስዎ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ቢሆንም፣ ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበዋልና ልበል፤ ለከሰል የሚተከል፣ ቶሎ የሚደርስ፣ በአገራችን ስንቱን ጎጆ በቆርቆሮ የለወጠ ዛፍ ነበር። ከዚያ በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ወጣ፤ በሽታው ከማሳ ማሳ፣ ከመንደር መንደር እየተሻገረ ጫካውን አደረቀው። ያን ጊዜ እትዬ እታለማሁ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ብዙም አልቆዩም። ቆመው የደረቁትን ዛፎች እያዩ «ይኼኛውን ማን ይቀብርልኛል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በዚህ መሀል ጽሕፈት ቤትዎ ደረሰልን። ማካዳሚያ የሚባል የለውዝ ዛፍ ትከሉ አላችሁ። ፍሬው ቅርፊቱ በመዶሻ የማይደነግጥ ስለሆነ መንደሩ «ድንጋይ ለውዝ» ብሎ ሰየመው። መሬቱ የእትዬ እታለማሁ፣ ውኃ የምናመላልስበት ጋሪ የእኔ፣ ጉልበቱ የሁለታችንም ሆኖ ተከልን። ዛፉ ዓመታት አስጠበቀን። የመጀመሪያውን ፍሬ በመጥረቢያ ጀርባ የሰበርን ቀን እትዬ እታለማሁ ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩና «ቅቤ ነው እኮ» አሉ። ከዚያ ተነስተው እያንዳንዱን ዛፍ በመዳፋቸው እየነኩ ዞሩ። ያን ቀን ጽሕፈት ቤትዎን የመረቅነው ምርቃት ልባዊ ነበር፤ መልሰን ያልወሰድነው ነውር ሆኖብን ነው።

ቅሬታዎቼን እነሆ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በተከታዩ ወቅት አበባው ገና ሳይከፈት ጠቆረ። ከመጥቆር የተረፈው ፍሬ ያዘ፤ ፍሬውም ሳይበስል መርገፍ ጀመረ። የረገፈውን ስንሰብረው አንዱ ውስጡ ነጠብጣብ ያለበትና መራራ፣ ሌላው በትል ተበልቶ ዱቄት የሆነ ነበር። አንድ ጆንያ ሞልቼ ቢሮዎ ይዤ መጣሁ። ጸሐፊዎ ሚልካ በደግነት አስገባችኝ። አንዱን ፍሬ ሰብሬ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉኝ።

«ትል ነው» አልኩዎ።

መነጽርዎን አድርገው ቢያዩትም አላመኑትም። «ወይዘሮ ራሂማ፣ የዘንድሮውን ዕቅድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ትል የለበትም» አሉኝ።

«ፍሬው ውስጥ ግን አለ» አልኩ።

«ፍሬው ነው ዕቅዱን መከተል ያለበት» አሉኝ፤ ድምፅዎ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ያልገባውን ተማሪ የሚያስረዳ መምህር ይመስሉ ነበር።

ይህን ስንነጋገር ትሉ ከፍሬው ወጥቶ በዕቅዱ ሽፋን ላይ በእርጋታ ሲጓዝ ሁለታችንም አየነው። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም አንስተው መቱት። ከቢሮዎ ያን ያህል ፈጣን ውሳኔ አይቼ አላውቅም። በሕጋዊ ማኅተም በመሞቱ ለትሉም ክብር ነው። ችግሩ፣ ወንድሞቹ ዛፉ ላይ ናቸው፤ ማኅተሙ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እኔንም «ነገ ተመለሺ» ብለው ሸኙኝ።

ሁለተኛ፦ ከብዙ ነገ በኋላ ባለሙያዎን ናታንን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከጽሕፈት ቤትዎ መጥቶ ከመኪናው የወረደ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ዛፍ ሲዞር፣ አፈር ሲጭር፣ ፍሬ ሲሰብር ዋለ። እትዬ እታለማሁ በአውኚ ይጠይቁታል፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል፣ እኔ መሀል ላይ ቆሜ አስተረጉማለሁ።

አበባውን ያጠቆረው ሻጋታ ነው አለን፤ ጉምና ዝናብ ሲደጋገም፣ ቅርንጫፉም ነፋስ እስኪያጣ ሲጠቀጠቅ አበባው ላይ የሚወርድ ነው። ፍሬውን ያመረረው ደግሞ ሲነኩት የሚገማ፣ ጀርባው ጋሻ የሚመስል ተባይ ነው፤ ቅርፊቱ ገና ለጋ ሳለ በአፉ እየወጋ ይመጠዋል። የትሉ እናት አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ናት፤ ዕንቁላሏን ፍሬው ላይ ትጥላለች፣ ትሉ ሲፈለፈል ቆፍሮ ይገባል። እነዚህን ሁሉ መታገል እንደሚቻል ነገረን፤ ቅርንጫፉን ከርክሞ ነፋስ ማስገባት፣ የረገፈውን ፍሬ ለቅሞ በጥልቅ መቅበር፣ መድኃኒቱን በወቅቱ መርጨት።

ከታች በኩል ያሉት ዛፎች ጋ ሲደርስ ግን ተንበረከከ። ግንዳቸው ከሥሩ በኩል ጥቁር ፈሳሽ ያለቅሳል፤ ቅጠላቸው ከላይ ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። ሥሩን ቆፍሮ አወጣና ልጣጩን በጣቱ ሲያሸው ተላጠ።

«ሥሩ በስብሷል» አለ። «ይሄኛው በአፈርና በውኃ ነው የሚሄድ። እባካችሁ፣ ከዚህ ቦታ አፈርም ችግኝም እንዳይወጣ።»

እትዬ እታለማሁ ዞር ብለው ከዛፎቹ በታች የተደረደሩትን ችግኞች አዩ። በጽሕፈት ቤትዎ ጥያቄ፣ ከዚያው ማሳ አፈር በፕላስቲክ ሞልተው፣ እንደ አራስ ልጅ ሲንከባከቧቸው የነበሩ ችግኞች ናቸው። ናታንም ዓይናቸውን ተከትሎ አያቸው።

ናታን ያየውን ሁሉ ለእርስዎ ነገረዎት። እርስዎም ወዲያው ወደ ዓሣ ልማት አዛወሩት። አሁን ጥርባ አካባቢ፣ ሐይቁ ዳር ነው ያለው። ደውዬ ሥራው እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው «ደኅና ነው፤ ከዓሣዎቹ ጋር ግን እስካሁን አልተገናኘንም» አለኝ። የዕፀዋት ሐኪም ከታመመ ዛፍ አርቆ ዓሣ ፍለጋ የሚልክ አመራር ስላለን ዕድለኞች ነን።

ሦስተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ ሱሀይል «ይሄንንስ ተይው፣ ሱቃችን ዳንግላ ነው» ስላለኝ ትቼዋለሁ።

አራተኛ፦ በጀርባ የሚታዘለውን የመድኃኒት መርጫ እንድታውሱን ለምነን ነበር። «ተበላሽቷል» ተባልን። እንግዶች ከክልል በመጡ ዕለት ማለዳ ግን መርጫው ድኖ አገኘነው፤ አንድ ሠራተኛ አዝሎት፣ የእንግዶቹ ጫማ አቧራ እንዳይለብስ ወደ ማሳው የሚወስደውን መንገድ ውኃ ይረጨው ነበር። መንገዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በተባይ ተጠቅቶ አያውቅም።

አምስተኛ፦ እዚህ ላይ ስለ ክሩ ማንሳቴ ግድ ነው።

እንግዶቹ ከመጡበት የመስክ ቀን በፊት በነበረው ቀን ሹፌርዎ ሱቄ መጥቶ ያለውን ነጭ ክር ሁሉ ስጪኝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። አመሻሹ ላይ ወደ እትዬ እታለማሁ ማሳ ስሄድ የቀን ሠራተኞች መሰላል ላይ ቆመው፣ በካርቶን ከአዲስ አበባ የመጣ ድንጋይ ለውዝ በእኔ ክር በቅርንጫፎቹ ላይ ሲያንጠለጥሉ አገኘኋቸው። እትዬ እታለማሁ በሩ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። «ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው። «ዛፎቼን ጆሮ ጌጥ እያደረጉላቸው ነው» አሉኝ። እንደ ነጋዴ የምቆጨው ነጭ ክር አረንጓዴ ቅጠል ላይ እንደሚታይ ለሹፌርዎ አለመንገሬ ነው፤ አረንጓዴም ነበረኝ።

በማግሥቱ ድንኳኑ ተተከለ፤ እንግዳ የሚቀበሉት ፈረሰኞች ተሰለፉ፤ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ከክልል የመጡት የክብር እንግዳ፣ አስተዋይ የሚመስሉ ሴት፣ ከዛፉ ላይ አንድ ፍሬ ቀጠፉ። ቀጠፉ ስል ክሩን በጠሱ ማለቴ ነው። ከዚያ ፍሬውን አገላብጠው አዩት።

«ቅርፊቱ ላይ ያለው መስመር ምንድን ነው? በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል» አሉ።

«የአካባቢያችን ዝርያ ነው፤ ለአርሶ አደሩ እንዲመች ራሱን ይሰነጥቃል» አሏቸው እርስዎ።

እንግዳዋ በመስመሩ በኩል ከፍተው ቀመሱት። ትንሽ አሰቡና «ጨው ጨው ይላል» አሉ።

«አፈራችን ማዕድን አለው» አሉ እርስዎ።

«የተቆላም ይመስላል።»

«ዘንድሮ ፀሐዩ በርትቶ ነበር» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት አደነቅሁዎት። ተቆልቶ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ተሰንጥቆ የሚያፈራ ዛፍ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ነው፤ የቀረው ከነሰሐኑ ማፍራት ብቻ ነበር። ሕዝቡም አጨበጨበ፤ እኔ ራሴ እጄ ሁለት ጊዜ ካጨበጨበ በኋላ ነው የያዝኩት።

ቀጥሎ እትዬ እታለማሁ ዋንጫ ተሰጣቸው፣ ንግግርም እንዲያደርጉ ተጋበዙ። ነጠላቸውን አስተካክለው በአውኚ ተናገሩ። እኔ የሰማሁት ይህ ነው፦ «እነዚህ ፍሬዎች የእኔ አይደሉም። የእኔን ትል በልቶታል። ዛፎቼ ከሥራቸው እየሞቱ ነው። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ላኩልኝ፤ ችግኞቹም ከዚህ እንዳይወጡ።»

እርስዎ ማይክሮፎኑን ተቀበሉና ለእንግዳዋ ተረጎሙ፦ «ደስታዬ ከሥሩ የመነጨ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ መጥቶ ይይልኝ፣ ችግኞቼም ለሌላው ይድረሱልኝ ይላሉ።»

እጄን አነሳሁ። ሙዚቃው ተከፈተ። አውኚ የሚሰማው ሰው ሁሉ፣ ፈረሰኞቹን ጨምሮ፣ መሬት መሬት ሲያይ እንግዳዋ ግራ ተጋብተው ተመለከቱን፤ በኋላ ግን የጨዋማው ዝርያ ችግኞች ለጥሊሊና ለግምጃ ቤት ከተሞች አካባቢ አርሶ አደሮች በአስቸኳይ እንዲሰራጩ አዘዙ። እሳቸው ምን ያድርጉ፤ የሰሙት የእርስዎን አማርኛ ነው።

ስድስተኛ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም፤ ዝም ብዬ እንደሆነው ልንገርዎ።

ችግኞቹ የሚጫኑበት ቀን ሲነገረን እትዬ እታለማሁ ሱቄ ድረስ መጡ፤ በባጃጅ እንኳን አልመጡም፣ በእግራቸው ነው። የሰጣችኋቸውን ዋንጫ በፌስታል ይዘውታል። «ይሄን መልሽላቸው፣ ችግኜን ይተዉልኝ» አሉኝ። ወደ ቢሮዎ ሄድን። ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልን። ሌላ ቀን ሄድን፤ መስክ ላይ ነዎት ተባልን። መስክ ሄድን፤ ቢሮ ነዎት ተባልን።

ወንድማቸው አቶ ውዱ ጥሊሊ ነው የሚኖሩት፤ እሳቸውም ችግኝ ለመቀበል ከተመዘገቡት አንዱ ናቸው። ኔትወርክ እስኪመጣ ጠብቀን ደወልንላቸው።

«ችግኙን እንዳትቀበል» አሏቸው እህትየው።

«ጉድጓዱን ቆፍሬ፣ ፍግ ሞልቼ እየጠበቅሁ ነው» አሉ አቶ ውዱ።

«ድንች ዝራበት።»

«ለሰው ሁሉ ሲደርስ ለእኔ ለወንድምሽ ነው የምትነፍጊ?»

ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ይሁን አቶ ውዱ እንጃ። እትዬ እታለማሁ ስልኬን መለሱልኝ። ከዚያ እኔን ሳያዩኝ፣ ቀስ ብለው፣ እንዲህ አሉ፦ «ዲከረንሱ ሲሞት ከየት መጣ ብለን የምንጠይቀው ሰው እንኳን አላገኘንም። በዚህኛው ጊዜ ግን ሰዉ ሲጠይቅ መልስ አለው። ከእታለማሁ ጓሮ መጣ ይላል።»

መኪናው በሚመጣበት ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ማሳው ደረስኩ። ላጽናናቸው ነበር የሄድኩት፤ እሳቸው ግን ሥራ ጀምረዋል። ችግኞቹን አንድ በአንድ ከፕላስቲኩ እያወጡ፣ አፈሩን ራሳቸው በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ እያራገፉ፣ ለጋውን ግንድ ከደረቀው ዲከረንስ ጋር ይከምሩታል። አንዳንዱን ችግኝ ቆም ብለው ያዩታል፤ በደንብ ያደገውን ነው። ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። እሳቱንም ራሳቸው ለኮሱት።

አይሱዙዋ ስትደርስ የቀረው ጭስ ነበር። እርስዎም ከኋላዋ ደረሱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ማሳችን ላይ ያለ ድንኳን ሲቆሙ ያን ቀን የመጀመሪያዎ ነው።

«ይሄ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉ።

«በሽታው ነው?» አሉ እትዬ እታለማሁ። በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ስለዚህ ማስተርጎም አላስፈለገዎትም።

እንግዲህ ጤነኛ ችግኝ አጥፍተዋል ተብለው ተከሰሱ። ጣቢያው ጨዋ ነበር። መርማሪው ወንበር ሰጣቸው፣ ውኃም አስመጣላቸው። ከዚያ ጠየቀ።

«ችግኞቹ ጤነኛ ነበሩ?»

«በሽተኛ ነበሩ» አልን።

«ይሄን የሚያረጋግጥ ባለሙያ አለ?»

«አለ» አልኩ።

«የት ነው?»

«ዓሣ እየፈለገ ነው።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። የዞኑን ዛፍ ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እንዳለና እሱም ሐይቅ ዳር እንደተቀመጠ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ ሱሀይል ዋስ ሆኖ አስፈታቸው፤ ስለ ሱቃችን ሲጨነቅ የከረመው ያው ሱሀይል ነው።

ከጣቢያው ስንወጣ በሩ ላይ አቶ ውዱ ቆመዋል። ከጥሊሊ በሚኒባስ ነው የመጡት፤ በጨርቅ የተቋጠረ ስንቅ ይዘዋል። እኅታቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸውና ስንቁን አቀበሏቸው። «ጉድጓዱን ደፈንኩት» አሉ። እትዬ እታለማሁም እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ችግኙ ሲቃጠል ያላለቀሱትን አለቀሱ።

አሁን ያለንበትን ልንገርዎና ላብቃ። የሥር በሽታ ያለባቸውን የታች ዛፎች ቆርጠን ነቅለናል። ናታን በዕረፍት ቀኑ በራሱ ትራንስፖርት እየመጣ ውኃ የሚወርድበትን ቦይ አሳይቶናል፤ ሲመጣ «ዓሣውስ?» ስንለው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። የረገፈውን ፍሬ እየለቀምን እንቀብራለን፤ መንደሩ «ለትል ተዝካር ያወጣሉ» እያለ ይስቅብናል። ላይኛው በኩል ያሉት ጥቂት ዛፎች ተርፈዋል፤ ዘንድሮ ፍሬያቸው ትንሽ ነው፣ ግማሹም የተወጋ ነው። የቀረውን ሰብረን በላነው። ጨው አልነበረውም።

ከክቡርነትዎ የምለምነው ብዙ አይደለም። ክሱን ያንሱ። ናታንን ወደ ዛፍ ይመልሱት፤ ዓሣዎቹ እስካሁን እንዳልጠየቁት ተረድተናል። በሚመጣው ዓመት ዕቅድዎም ውስጥ፣ ቦታ ከተረፈ፣ ለትሉ አንዲት መስመር ይስጡት። ዕቅድ ውስጥ ከገባ በጽሕፈት ቤትዎ ልማድ መሠረት መቼም እንደማይፈጸም እርግጠኛ ስለሆንን፣ ከዚህ የተሻለ የተባይ መከላከያ አላገኘንም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ትርጉምዎ፣ ለመንገዱ ስለረጩት ውኃና ለዛፎቻችን ስላደረጉላቸው ጌጥ እጅ ነስቼ እያመሰገንኩ፤ ወንበርዎ ያለ ድካም እንዲሽከረከር፣ ማኅተምዎ እንዳይነጥፍ፣ እንግዶችዎ ሁሉ ጨው የሚወዱ እንዲሆኑልዎ እየተመኘሁ፤ በሩ ላይ ቆማ መጠበቅ የለመደች ታዛዥዎ፣

ራሂማ ዑስማን
የጆንያ፣ የገመድና የክር ነጋዴ፣ ዳንግላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ትናንት በግንባር ላስረክብዎ መጥቼ ነበር። ሚልካ አዝና «ኃላፊው የሉም፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ይክተቱት» አለችኝ። ከተትኩት፤ ደብዳቤው ግን በሣጥኑ ሥር ወጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ምስጥ የሣጥኑን ወለል ከነበረበት ወረቀት ሁሉ ጋር በልቶ ጨርሶታል። ቅር አላለኝም። በጽሕፈት ቤትዎ የሕዝብን አቤቱታ እስከ መጨረሻው የሚያደርስ አንድ ታታሪ ሠራተኛ እንዳለ በማወቄ ተጽናንቻለሁ፤ አደራዎን፣ እሱን ወደ ዓሣ ልማት እንዳያዛውሩት።